እናቴን ከመናኸሪያው በር ላይ ያውርዱልኝ

ቀን፦ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስታ ሜዳ ከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አስታ ሜዳ፣ መንዝ

ጉዳዩ፦ የእናቴ የወ/ሮ ይዘንጋሽ ወልደ ሰንበት ፎቶግራፍ ከግንቦት 6 ቀን በፊት ከአዲሱ መናኸሪያ በር ላይ እንዲወርድ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ዳኜ አትናቴዎስ ዕድሜዬ 51፣ ሥራዬ ድንጋይ ጠራቢነትና ግንበኝነት ሲሆን የዚሁ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ከዚህ ቀደም በዚሁ ጉዳይ ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ አመልክቼ የተሰጠኝ መልስ እኔንም እናቴንም ስላላረካን፣ ነገሩን ከሥሩ አስረድቼ በትሕትና አቤት እላለሁ። ጽሑፌ ቢረዝም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ መናኸሪያውም ቢሆን በአጭሩ አልተሠራም።

1. በአሁኑ ሰዓት ከከተማችን ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ አንድ አውቶቡስ፣ ወደ መሐል ሜዳ የሚመላለሱ ደግሞ ሁለት ሚኒባሶች አሉ። ለእነዚህ ለሦስቱ ስድስት የአውቶቡስ መቆሚያ፣ ስድስት ምሰሶ፣ አንድ ነጭ ጉልላትና በጉልላቱ ላይ ወደ ሰማይ የሚያመለክት አንድ የብረት ቀስት ያለው መናኸሪያ ተሠርቶላቸዋል። ቦታው ከገበያው የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ጉብታው ላይ ነው። ጉብታው ላይ የሚኖር ተሳፋሪ እንደሌለ በጊዜው በስብሰባ ተናግረን ነበር። የተሰጠን መልስ፣ በዋናው መንገድ የሚያልፍ እንግዳ መኪናውን ማቆም ሳያስፈልገው እንዲያየው ታስቦ ነው የሚል ነው። በዚህ ረገድ ሥራው ተሳክቷል፤ እንግዶች ሳያቆሙ ያልፋሉ።

2. ሕንጻውን ከውጭ ሆኜ የምተች እንዳይመስልብኝ፣ ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ ከሠሩት አንዱ እኔ መሆኔን አስታውቃለሁ። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር በእርግጠኝነት መመስከር እችላለሁ። በስድስቱ ምሰሶዎች ላይ «ሰላም»፣ «ትጋት»፣ «አንድነት»፣ «ዕድገት»፣ «ራዕይ» እና «ስኬት» የሚሉ ቃላት ተቀርጸዋል። ፊደሎቹን የቀረጽኩት በገዛ እጄ ነው። ምሰሶዎቹ ግን ምንም አልተሸከሙም። ጣሪያውን የያዘው ከኋላ ያለው፣ ምንም ያልተጻፈበት ግድግዳ ነው። የጣሪያው መሐል «ለትውልዱ የተከፈተ ሰማይ» በሚል ክፍት ስለተተወ፣ ዘንድሮ በበልጉ ዝናብ በረዶው እንደ ልቡ ሲገባ ከርሟል። የመጠበቂያው ወንበሮች ፊታቸውን የሰጡት ለመንገዱ ሳይሆን ለግድግዳው ነው፤ ግድግዳው ላይ መንዝን ሰንጥቆ የሚያልፍ ባቡር ተቀርጿል። ተሳፋሪው የማይመጣውን ባቡር ፊት ለፊት እያየ፣ የመጣው አውቶቡስ ከጀርባው ያመልጠዋል። ሽንት ቤቱ በሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚሠራ ተነግሮናል።

ከዚህ በፊት አውቶቡስ የምንጠብቀው ገበያው ጥግ፣ የሰፈሩ ዕድር በደረቅ ካብ ከነፋስ ከልሎ የጓሳ ሣር ካለበሰው መጠለያ ውስጥ ነበር። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከካቡ ግማሹን የካበው እሱ ነው። ገጽታ ያበላሻል ተብሎ ፈረሰ። ድንጋዩ ጥሩ ድንጋይ ስለሆነ «ትጋት» የሚለው ምሰሶ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

3. በቀስቱ ጉዳይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ንድፉን ያወጣው ሰው የእኛን ነፋስ የሚያውቅ አልነበረም። ቀስቱ በተተከለ በሳምንቱ ሲወዛወዝና ሲያቃስት፣ ዘበኛው ከሥሩ ማደር ፈርቶ ማደሪያውን ወደ ትኬት መቁረጫው አዛወረ። እኔም መላ ሲጠፋ፣ አግዳሚ ብረት ይበየድበት አልኩ። ተበየደ። ቀስቱ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ነገር ግን ከመወጣጫው እንጨት ወርጄ፣ አቧራዬን አራግፌ ቀና ስል፣ ነጭ ጉልላት ላይ የቆመ መስቀል አየሁ። ለአሠሪዎቹ ልናገር አሰብኩና ተውኩት። ሁላችንም ደክሞን ነበር፣ ሥራውም አልቋል ተብሎ ሪፖርት ተደርጎ ነበር። ዝም በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

4. እናቴ ወ/ሮ ይዘንጋሽ የ76 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ፣ ከከተማው በላይ በበቅሎ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ይኖራሉ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ስለጋረዳቸው ሰውን በድምፁ፣ ቤትን በጥላው ነው የሚለዩት። በዕድሜያቸው አንድም ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ አልፈው አያውቁም። በበቅሎ ከሆኑ ይወርዳሉ፣ ጫማቸውንም ያወልቃሉ።

ኅዳር 12 ቀን ሚካኤልን አንግሠው ወደ እኔ ቤት ሲመጡ፣ ጉብታው ላይ ነጭ ጉልላት፣ ምሰሶና መስቀል ታያቸው። ወረዱ። ጫማቸውን አወለቁ። «ትጋት» የሚለውን ምሰሶ ሦስት ጊዜ ሳሙት። ከዚያ ዘበኛውን የማን ደብር እንደሆነ ጠየቁት። ዘበኛው የመንግሥት ነው አላቸው። ነገሥታት ደብር ማስተከላቸው ለእናቴ እንግዳ ነገር ስላልሆነ አልተገረሙም፤ ታቦቱ መቼ እንደሚገባ ብቻ ጠየቁ። ዘበኛውም «ታቦቱን አላውቅም እማማ፣ ምርቃቱ ግን ለየካቲት ነው ይላሉ» አላቸው። እናቴ መርቀውት፣ ጫማቸውን አድርገው ቤቴ መጡ። ያን ለታ ደስ ብሏቸው ነው ያመሹት። ዕድሜ ሰጥቶኝ አዲስ ደብር ሲተከል አየሁ ሲሉ፣ የት እንዳዩት አልጠየቅኳቸውም። ይህም ሁለተኛው ጥፋቴ ነው።

5. ምሰሶውን ሲሳለሙ በቦታው የነበሩት የጽሕፈት ቤትዎ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ አቶ ታዲዮስ ፎቶ አንሥተዋቸዋል። ባለሙያው በዚያ ሰሞን ሥራ በዝቶባቸው ነበር፤ ያለችንን አንዲት አውቶቡስ በስድስቱም መቆሚያዎች ላይ በየተራ አስቁመው ፎቶ ሲያነሡ ነበር የከረሙት። በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ አሁን ስድስት አውቶቡሶች ይታያሉ። በስድስቱም መሪ ላይ የተቀመጠው ሹፌሩ አስፋው ብቻ ነው፤ በአራተኛው ላይ መድከሙ ይታወቃል።

የእናቴ ፎቶ ግን ለብቻው ተመርጦ፣ የሁለት ፎቅ ቁመት እንዲኖረው ተደርጎ በታኅሣሥ ወር ከዋናው በር በላይ ተሰቀለ። ከሥሩም «ሕዝቡ ልማቱን በከንፈሩ አረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ ሰፈረበት። እናቴን ያስፈቀደ ሰው የለም። ፎቶው ጥሩ ፎቶ ነው፣ ይህን አልክድም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው፣ ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈዋል። እኔ ልጃቸው እንደዚያ ተደርጌ ተስሜ አላውቅም።

6. ፎቶው ከተሰቀለ በኋላ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። ከየመንደሩ ለገበያ የሚመጡ አረጋውያን፣ አንዲት የታወቁ እናት በሩ ላይ ሲሳለሙ በሥዕል ስላዩ፣ ጥርጣሬ የነበራቸውም ጥርጣሬያቸው ጠፋ። በታኅሣሥና በጥር ብቻ አራት የስለት ጃንጥላ፣ ሁለት እስር ጧፍና አንድ ሙክት በግ ለመናኸሪያው ገብቷል። ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ሁሉ «ኅብረተሰቡ በዓይነት ያደረገው ተሳትፎ» ብሎ በስድስት ወር ሪፖርቱ ላይ አስፍሯል። ሪፖርቱ ሲነበብ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ሰው አጨብጭቧል። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ከፊት የተቀመጡት ወደ ኋላ ዞረው ያዩን ነበርና።

7. የካቲት 2 ቀን መናኸሪያው ተመረቀ። እናቴ «ቅዳሴ ቤቱ ነው» ብለው ነጭ ለብሰው፣ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። እስከዚያች ቀን ታቦት እየጠበቁ መሆናቸውን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፣ ያውም ዘግይቼ። ከሕዝቡ መሐል ፈልጌ ሳልደርስባቸው፣ አቶ ታዲዮስ ቀድመውኝ እጃቸውን ይዘው መድረክ ላይ አወጧቸው። እንግዶቹ ከፀሐይ የተጠለሉት ዘርፍ ባለው የስለት ጃንጥላ ሥር ስለነበር፣ እናቴም ካህናቱ መሐል የቆሙ መሰላቸው። የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ግንባራቸውን አስነክተው ሳሙት። እሱም ፎቶ ተነሣ።

የሙክቱን ነገር አላነሣም፤ እንግዳ ማስተናገድ ወግ ነው።

ከመድረክ ሲወርዱ ወረቀቱን እያሻሹ የየትኛው ቅዱስ ሥዕል እንደሆነ ጠየቁኝ። የከተማው ማኅተም ነው አልኳቸው። ታቦቱስ አሉኝ። ታቦት የለም፣ መናኸሪያ ነው እማዬ አልኳቸው። በዚያው ቅጽበት አስፋው ከጉልላቱ ሥር አውቶቡሱን አስነሥቶ ጥሩምባውን እየነፋ ወጣ። እናቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እስከ ቤቴ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ እናቴን እንደዚያ አዝነው አላየኋቸውም፤ አባቴን የቀበርን ዕለት እንኳ ይናገሩ ነበር።

8. እናቴ በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ምስክር ሄዱ። መምሬም ባለማወቅ የተደረገ መሆኑን፣ እግዚአብሔርም ልብን እንደሚያይ ነግረው አርባ ስግደት ብቻ አዘዙ። ፎቶው በሩ ላይ መሰቀሉን ከጎረቤቶቻቸው የሰሙት እናቴ ግን አርባውን ጨርሰው በበነጋው እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ምነው ብንላቸው «እኔ እዚህ እሰግዳለሁ፣ እዚያ ደግሞ እስማለሁ። መቼ ነው የሚያልቅልኝ?» አሉን። በአንድ በኩል ሲታይ እናቴ እውነታቸውን ነው። ፎቶው ቀንም ሌሊትም ሲስም ይውላል፣ ሲስም ያድራል።

9. አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ እመጣለሁ። እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ በሚሰጥ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ተመዝግበው ለየካቲት 19 ቀን ተራ ደርሷቸው ነበር። አልሄዱም። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው አውቶቡስ የሚነሣው ከዚያ ስለሆነ፣ በሥዕላቸው ሥር አላልፍም አሉ። አስፋውን ከጉብታው በታች እንዲጭናቸው ለመንኩት። ሰውዬው ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን ከመናኸሪያ ውጭ ሰው ጭኖ ቢገኝ መውጫ ወረቀት ይከለከላል። ልዩ ፈቃድ እንዲሰጠው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። ከጉብታ በታች ሰው ማሳፈር «የመናኸሪያውን ተፈላጊነት ጥያቄ ውስጥ ያስገባል» ተብሎ ተከለከልኩ። ከመሐል ሜዳ ሌላ አውቶቡስ እንዲይዙ በበቅሎ እስከዚያ ላደርሳቸው ተነሣሁ፤ አምባው ላይ በረዶና ነፋስ ተቀብሎን፣ እናቴ ደረታቸውን ታመው ከግማሽ መንገድ መለስኳቸው። ለሁለት ሳምንት ተኝተዋል።

አቶ ታዲዮስ፣ እናትህ ማየት ካልቻሉ ሥዕሉ ምን ያስጨንቃቸዋል ብለውኛል። ይህንኑ ለእናቴ አደረስኩ። «ሰው እያየው አይደለም ወይ? ደግሞስ ዓይኔ በርቶ ስመለስ ከአውቶቡስ ወርጄ መጀመሪያ የማየው እሱን ከሆነ፣ ሞራዬ ምን አደረገኝ?» አሉ። ባለሙያው ለዚህ መልስ ካላቸው በጽሑፍ ቢሰጡኝ አነብላቸዋለሁ።

ቀጣዩና የመጨረሻው ተራ ግንቦት 6 ቀን ነው። ይህ ካለፈ ዘመቻው የሚመለሰው በዓመቱ ነው። የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ላይ ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። የግራ ዓይናቸው ካለፈው ወር ወዲህ ጥላ መለየትም እያቃተው ነው። ባለፈው እሑድ፣ በፋሲካ ዕለት፣ ፊቴን በእጃቸው ዳስሰው ነው የለዩኝ፤ ሳልናገር ገብቼ ኖሮ። እፈራለሁ፣ ክቡር ኃላፊ። እናቴ እኔን ዳግመኛ ሳያዩኝ እንዳይቀሩ እፈራለሁ።

10. በዚህ ምክንያት መጋቢት 2 ቀን በጽሑፍ አመለከትኩ። መጋቢት 10 ቀን በፊርማዎ የወጣው መልስ እንዲህ ይላል፦ «በምስሉ ላይ የሚታዩት ግለሰብ ሳይሆኑ ልማቱን በደስታ የተቀበለው ሕዝብ በመሆናቸው፣ በአንድ ግለሰብ ጥያቄ ሕዝብን ከቦታው ማንሣት የማይቻል መሆኑን እናሳውቃለን።» የደብዳቤው ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

11. ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ፎቶግራፉ እስከ ግንቦት 4 ቀን እንዲወርድ። አውራጅ የለም እንዳይባል መሰላል የራሴ አለኝ። በቦታው ክፍተት እንዳይታይ የሚሰቀል ነገር ከተፈለገ አስፋውና አውቶቡሱ በስድስት ቅጂ ተቀምጠዋል።

ለ) ከቀስቱ ላይ አግዳሚው ብረት እንዲነሣ። በምትኩ በሦስት በኩል ሽቦ ወጥሬ ነፋሱን እንዲችል አደርገዋለሁ። የጥፋቴ ካሣ ስለሆነ ለሥራው ምንም አልጠይቅም።

ሐ) አራቱ ጃንጥላዎች ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን እንዲሰጡ። ሰዎቹ የተሳሉት ለልማት አይደለም። አንዷ ሴትዮ ልጃቸው ከታመመበት እንዲነሣላቸው ነው የተሳሉት፤ ልጁም ተነሥቷል። ለዚህ መናኸሪያው እንዳይመሰገንበት ያሰጋኛል።

ሕንጻው ይፍረስ አላልኩም፤ የለፋሁበት ነው። ወንበሮቹን ዞር አድርጎ ለመንገዱ ፊት እንዲሰጡ ማድረግም የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ባቡሩ ይቀየማል ካልተባለ በቀር።

12. በመጨረሻ፣ ደብዳቤዎን ለእናቴ እንዳነበብኩላቸው አስታውቃለሁ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ሕዝብ የተባልኩት እኔ ነኝ?» ብለው ጠየቁ። ደብዳቤው እንደዚያ ይላል አልኳቸው። ፊርማና ማኅተም አለው ወይ አሉኝ። አለው አልኩ። «እንግዲያው ጻፍ» አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው ቃል የእሳቸው ነው፤ እኔ የጨመርኩበት የለም።

«ልጄ የጠረበውን ድንጋይ በመሳሜ አላፈርኩም። ባሌ ከካበው ካብ የመጣ ድንጋይ መሆኑንም ኋላ ነግሮኛል፤ ለእሱ ሲሆን ደግሜ እስመዋለሁ። ያሳፈረኝ፣ ያልሳምኩትን ሳመች መባሌ ነው። ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነበር፣ አይደለም አላችሁኝ፤ እንግዲያው መሳሜን መልሼ ወስጃለሁ። አውርዱኝና ዓይኔን ልታከም ልሂድበት።»

ክቡር ኃላፊ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በግለሰብ ጥያቄ ሕዝብን ማንሣት እንደማይችል ገልጿል፤ ይህን ተቀብያለሁ። ሕዝብ ራሱ ውረድ ብሎ ሲጠይቅ ግን ምን እንደሚደረግ ደብዳቤው አይናገርም። ስለዚህ ይህ ማመልከቻ እንደ ቀድሞው የግለሰብ ጥያቄ ተብሎ እንዳይመለስ፣ ከእኔ ፊርማ በታች የባለጉዳዩን አሻራ አስደርጌ አቅርቤያለሁ።

ከቀረችኝ ትዕግሥትና ከሰላምታ ጋር

ዳኜ አትናቴዎስ (ፊርማ)
ድንጋይ ጠራቢና ግንበኛ

ሕዝብ (የቀኝ እጅ አውራ ጣት አሻራ)